«ስልክ እንደ ቢላዋ ነው» ማለት አይበቃም



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ስለ ስልክና ስለ ኢንተርኔት በተነሳ ቁጥር አንድ የተለመደ አባባል አለ፦ «ቴክኖሎጂ እንደ ቢላዋ ነው፤ ዳቦም ይቆርጣል፣ ሰውም ይጎዳል። ዋናው የያዡ ኒያ ነው።» በመስጂድም፣ በቡና ላይም፣ በወላጆች ስብሰባም እንሰማዋለን። እውነት አለው፤ ኒያ ትልቅ ነገር ነው። ግን ግማሽ እውነት ነው። ቢላዋ ሰገባው ውስጥ ከገባ ዝም ይላል። ስልክ ግን ኪስ ውስጥ ሆኖ ይጣራል፣ ሌሊት ያበራል፣ «እገሌ ፎቶ ለጠፈ» እያለ ይጎተጉታል። ያዡ ኒያ እንዳለው ሁሉ የሠሪውም ፍላጎት ዕቃው ውስጥ ተቀምጧል።

ከራሳችን ቤት እንጀምር። ድሮ ደረሳው በሉህ ላይ ይጽፋል፣ ይቀራል፣ ያጥባል፣ እንደገና ይጽፋል። ከዚያ የታተመው ሙስሐፍ መጣ። በመዲና የሚታተመው ሙስሐፍ 604 ገጽ ነው፤ ገጹ በአብዛኛው 15 መስመር ይዞ በአያ መጨረሻ ያልቃል። በዚህ የሐፈዘ ልጅ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ቦታውንም ይይዛል፤ «ይህቺ አያ በቀኝ ገጽ ከላይ ናት» ይላል። ስልክ ላይ ጽሑፉ ወደ ታች እየተንሸራተተ ሲነበብ ግን ያ ቦታ የለም። ገጹን እንዳለ የሚያሳዩ አፖችም አሉ። የትኛው ለሒፍዝ ይረዳል፣ የትኛው ያዘናጋል የሚለውን ለመለየት ግን ኒያ ብቻ አይበቃም፤ ዕውቀት ይጠይቃል።

ነገሩ በአንድ በኩል ብቻ አይሄድም። ሰውም ዕቃውን ይለውጣል። የወሎ ዑለማዎች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል ጽፈዋል፤ ዐጀሚ የምንለው ነው። ሸኽ ጦልሃ ጃዕፈር (አላህ ይዘንላቸው) በዚህ መንገድ ከጻፉት አንዱ ናቸው። ዐረብኛ እንደ «ጨ» እና «ኘ» ላሉ ድምፆች ፊደል ስለሌለው፣ ባሉት ፊደላት ላይ ምልክት እየጨመሩ ለቋንቋቸው አበጇቸው። ጽሕፈት ራሱ ቴክኖሎጂ ነው፤ እነሱም የመጣላቸውን እንዳለ አልተቀበሉም።

በዘመናችንም ምሳሌ አለ። ባንክ በወለድ የተሠራ ነው ተብሎ ብዙ ሰው ገንዘቡን ቤቱ አስቀምጦ ኖረ። ጥያቄው ሲበረታ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት መመሪያ አወጣ። በመደበኛ ባንኮች ውስጥ መስኮት ተከፈተ፤ በኋላም ራሱን የቻለ ባንክ ተፈቅዶ ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም ሥራ ጀመረ። ውሉ፣ የሒሳብ አያያዙ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሥርዓት ሁሉ በአንድ ማኅበረሰብ እምነት ምክንያት በሌላ መልክ ተሠራ ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ በዩኒቨርሲቲ የሚጠና የትምህርት ዘርፍ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1966 ለዚህ የሚሆን ክፍል አቋቁሟል። በምሕንድስና ስሙ የገነነው የአሜሪካው ኤምአይቲም በ1976 «ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ማኅበረሰብ» የሚል ፕሮግራም ከፍቷል። ቻርልስ ሂርሽካይንድ የተባለ አንትሮፖሎጂስት ደግሞ ካይሮ ሄዶ የዳዕዋ ካሴት የሰዎችን አደማመጥና ሥነ ምግባር እንዴት እንደቀረጸ አጥንቶ በ2006 መጽሐፍ አሳትሟል። ልብ በሉ! ታክሲና ሱቅ ውስጥ የሚሰማ የኹጥባ ካሴት የትልቅ ጥናት ርዕስ ሆነ። መንዙማስ ከቃል ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ስልክ ሲዛወር ምን አተረፈ፣ ምን ጎደለበት?

ወደ አገራችን እንመለስ። ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ ለዓመታት በሠራው የ70/30 ፖሊሲ ከመቶ ሰባው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ተደረገ። አገር መሐንዲስ ያስፈልጋታል፤ አንቃወምም። ግን ሁለት ዓይነት ምሩቅ ወጣ፦ ዕቃውን የሚያውቅና ሰውን የሚያውቅ። በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኢንጂነሪንጉ ተማሪ ኮምቦልቻ ነው፣ የማኅበራዊ ሳይንሱ ደሴ። በመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ውስጥ የአዳዲስ ቴክኖሎጂዎች መግቢያም አለ፣ ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂም አለ። የመጀመሪያው ስለ ሥነ ምግባር ምዕራፍ አለው፤ ጥሩ ጅምር ነው። ነገር ግን ሁለቱን አገናኝቶ «ይህ ዕቃ ኩታበር ሲገባ ምን ይሆናል?» ብሎ የሚጠይቅ ትምህርት ያስፈልጋል።

«ይህ እንጀራ ይሆናል ወይ?» የሚል ወላጅ ይኖራል። በሬ ሸጦ ልጁን ያስተማረ አባት ይህን ቢጠይቅ ሐቅ አለው። እኛም ልጆቻችን ኢንጂነሪንግ ይተዉ አላልንም። አንድ ተጨማሪ ኮርስ፣ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃል። ከወለድ ነፃ ባንክ ፊቅሁንም ኮምፒውተሩንም የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰው ሥራ ያጣል ብለን አናስብም።

«ዲንን የጥናት ዕቃ ማድረግ ነው» የሚልም አለ። ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ (አላህ ይዘንላቸው) በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለነበረው የወሎ እስልምና ጽፈው እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት መጽሐፍ ዲኑን አላቀለለም፤ ዑለማዎቻችንን ዓለም እንዲያውቃቸው አደረገ። እኛ ካልጠየቅን ሌላ መጥቶ ይጠይቃል፤ መልሱንም በራሱ ቋንቋ ይጽፈዋል።

ጥያቄ ደግሞ ሞልቷል። ቅሬን እንውሰድ። ድሮ ሰው ሲሞት ለፋፊው ኮረብታ ላይ ወጥቶ ይጣራል፤ ሀብታምም ድሃም እኩል ይሰማል። ዛሬ መልእክቱ በስልክ ይደርሳል፤ ደሴና አዲስ አበባ ያለው ዘመድ በደቂቃ ይሰማል፣ አልሐምዱሊላህ። ስልክ የሌላቸው እናት ግን ጎረቤታቸው መቀበሩን በማግስቱ ይሰማሉ። ማንም ሊያገልላቸው ኒያ አልነበረውም። ዕቃው ሲለወጥ የቅሬው ሥርዓት ሳይታሰብ አብሮ ተለወጠ። መፍትሔው ስልኩን መጣል ሳይሆን ለፋፊውን አለማስቀረት ሊሆን ይችላል። ይህን አስተውሎ የሚጠይቅ ተማሪ ነው የሚያስፈልገን።

ስለዚህ በወሎና በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲዎች ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የመመረቂያ ርዕስ ስትመርጡ ወደ ቀያችሁ ተመልከቱ። መምህራን ሆይ፣ ሁለቱን ክፍሎች አገናኙ። ኡስታዞች ሆይ፣ ተማሪ ሊጠይቃችሁ ሲመጣ ሉሁንም ኪታቡንም አሳዩት። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ «ሰውና ዕቃን ነው የማጠናው» ቢላችሁ አትደንግጡ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይለግሰን፣ ባወቅነውም የምንሠራ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።