ባጃጁን ተወው፤ ዳሞታ ይቆይ

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ ከወላይታ ሶዶ ነው። ጸሐፊው የ24 ዓመት ወጣት ነው። «አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ነው» ይላል። «የእኔም ሆድ እየገፋ ነው፤ ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። የጊፋታ ሰሞን ከጓደኞቼ ጋር በየቀኑ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ዳሞታን ልንወጣ ተማማልን። በዘጠነኛው ቀን ጉልበቴ አበጠና ተውኩት። ስጀምር ስተው ይሄ ሦስተኛዬ ነው። ሥራዬ ከቤቴ በእግር ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ግን በባጃጅ ነው የምመላለሰው። ሰነፍ ሆኜ ተፈጥሬ ይሆን? ይምከሩኝ።»

ኧረ ወንድሜ፣ ሰነፍ ሰው በዚያ ብርድ ተነስቶ ዳገት አይወጣም! ዳሞታ እኮ ቁመቱ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ተራራ ነው። ዓመቱን ሙሉ ባጃጅ ላይ ተቀምጦ የከረመ ጉልበት በአንድ ጊዜ በየቀኑ ሲጫኑት ያኮርፋል። ሰው የሚፈራው ዳገቱን ነው፤ ጉልበትን ይበልጥ የሚጎዳው ግን ቁልቁለቱ ነው። ያበጠውን ጉልበትህን መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

አሁን ወደ አባትህ ጉዳይ ልምጣ፤ የደብዳቤህ ፍሬ እሱ ይመስለኛል። በቤተሰቡ ስኳር ያለበት ሰው ከሌላው የበለጠ ይጋለጣል። ያ ማለት ግን ተፈርዶብሃል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። ክብደታቸው የጨመረና ስኳራቸው ከፍ ማለት የጀመረ ከ3,000 የሚበልጡ ሰዎችን ለሦስት ዓመት ያህል ተከታተሉ። በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱና ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱ የተደረጉት በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የሚባለውን ኪኒን የዋጡት ደግሞ በ31 በመቶ። እንቅስቃሴው ምን ነበር ትሉኛላችሁ? ለአብዛኞቹ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ብቻ!

150 ደቂቃ ለአምስት ቀን ሲካፈል 30 ነው። ጠዋት ሩብ ሰዓት፣ ማታ ሩብ ሰዓት፤ ያንተው የሥራ መንገድ ማለት ነው! እያወራህ መሄድ የምትችልበት፣ መዝፈን ግን የማትችልበት ፍጥነት ይሁን። የባጃጁን ሒሳብም ታተርፋለህ። ሴት አንባቢዎቼ «በሌሊት ማን ያስወጣናል?» ትሉኛላችሁ፤ እውነታችሁን ነው። የሥራ መንገድ ግን ብርሃንም ሰውም አለው።

በልግና ክረምት ሲመጣ፣ ያ ቀይ ጭቃ ሲጀምር ምን ይሁን? ጉልበትህ ከዳነ ቤት ውስጥ አሥር ደቂቃ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ በል፤ ግድግዳ ተደግፈህ ፑሽ አፕ ሥራ። ትንሽ ነው አትበል፤ እንዳይቋረጥ ነው። «ልማድ በ21 ቀን ይያዛል» የሚሉህንም አትስማ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የለንደን ጥናት 96 ሰዎችን ተከታትሎ ያገኘው አማካይ 66 ቀን ነው፤ ከዚያ እጅግ የሚዘገይም አለ። አንድ ቀን መዝለል ግን ነገሩን አላበላሸውም። አንተ በዘጠነኛው ቀን ነው በራስህ ላይ የፈረድከው!

ሶዶ ላይ ተቀምጦ ቁርጥ በዳጣ ተው ቢባል ማን ይሰማል? ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል እንደሚያመጣ ታውቃለህ፤ ብቻ ከሥጋው ጋር የምታወርደውን ለስላሳና ቢራ በውኃ ለውጠው።

ዳሞታ የትም አይሄድ። ሁለት ወር ያለማቋረጥ ከተጓዝክ በኋላ አንድ እሑድ ከነዚያው ጓደኞችህ ጋር እስከ ግማሹ ውጡ፤ ስትወርዱ ቀስ በሉ። ከዚያ በፊት ግን፣ በዚሁ ሳምንት አንድ ጠዋት ቁርስ ሳትበላ ሄደህ ስኳርህን ተለካ። ቁጥሩን ጻፍልኝ።