ቺንጋ «ይለምዳል» ሲባሉ

አንድ አንባቢያችን «የመኪናዬን ታይሚንግ ቺንጋ ካስቀየርኩ ወዲህ ሞተሯ ይጮሃል። መካኒኩ ግን ሲነዳ ይለምዳል አለኝ» ሲል ጽፎልናል።

ወንድሜ፣ ቺንጋ እንደ አዲስ ጫማ አይለምድም! ቤንዚን ስትሰጣት ጩኸቱ እየቀጠነ ካፏጨ ቺንጋው ከመጠን በላይ ተወጥሯል፤ ወይም የመወጠሪያው ኩሽኔታ አርጅቷል። ሽፋኑን «ጠፍ ጠፍ» ካደረገ ላልቷል። «ቀጭ ቀጭ» እያለች ጉልበት ካጣች ግን ጥርስ ዘሎ ሊሆን ይችላልና አሁኑኑ አጥፋት። በብዙ ሞተሮች ፒስተን ከቫልቭ ከተላተመ ቴስታታ ያስወርዳል።

ስለዚህ ሳታፍር «ሞተሩ ጠፍቶ፣ ክራንኩን በቁልፍ ሁለት ሙሉ ዙር አዙረህ ምልክቶቹን አሳየኝ» በለው። ካልገጠሙ እንደገና ይሥራ፤ መሐል ላይ ከያዘው በጉልበት አይግፋው። የቺንጋ ከፍለሃል፣ የሞተር አትድገም!