ስለ ቤዝ ጊታር ቃናና ስለ ፋብሪካዎች መልካም ፉክክር

ብዙ ነጋዴ ተፎካካሪ መጣብህ ሲባል መርዶ እንደ ተነገረው ሰው ይደነግጣል። ከሱቁ ፊት ለፊት ሌላ ሱቅ ሲከፈት፥ ወይም እርሱ የሚያስመጣውን የሚመስል ዕቃ በሌላ ስም ጉምሩክ ሲደርስ፥ የመጀመሪያ ሥራው የዚያን ዕቃ ነውር ፈልጎ ለደንበኛ ማውራት ይሆናል። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት ለዚህ ዓይነቱ ነጋዴ የተተረተ ይመስላል። የሌላውን ዕቃ ከማጣጣል ይልቅ የራስን ዕቃ ልዩነት አስታውቆ መሸጥ ምን ያህል ገበያ እንደሚያሰፋ ማየት የሚፈልግ ሰው ግን፥ በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ የተስፋፋውን የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ንግድ ቢመረምር ይጠቀማል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቤዝ ጊታር በሙዚቃ ጓድ ውስጥ ዝቅተኛውን ድምፅ የሚሰጥ፥ አብዛኛውን ጊዜ አራት ክር ያለው መሣሪያ ነው። አድማጭ ዘፋኙን እንጂ ቤዙን ልብ አይለውም፤ ቤዙ ሲቋረጥ ግን ቤቱ ምሰሶው የወለቀ ያህል ይሰማዋል። ቀድሞ ይህን ሥራ የሚሠራው ኮንትራባስ የተባለው፥ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ የእንጨት መሣሪያ ነበር፤ ለመሸከም እጅግ የሚያስቸግር፥ ከበሮውና የኤሌክትሪክ ጊታሩ ሲበረቱም ድምፁ የሚዋጥ ነበር። በ1930ዎቹ ዓመታት በሲያትል ከተማ ፖል ተትማርክ የተባለ ሰው ኦዲዮቮክስ በሚል ስም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቤዝ ጊታር አውጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ገበያ ሳያገኝ ቀረ። በ1951 ዓመተ ምሕረት፥ በፉለርተን ከተማ ራዲዮ ይጠግን የነበረው ሊዮ ፌንደር «ፕሪሲዥን» የተባለውን ቤዝ ለሽያጭ አቀረበ። ፕሪሲዥን ማለት ትክክለኛነት ማለት ነው፤ ስሙን ያገኘውም በአንገቱ ላይ የብረት ዘንጎች ስለ ተተከሉበትና ተጫዋቹ ጣቱን በልምድ ብቻ ሳያሳርፍ ትክክለኛውን ድምፅ ስለሚያገኝ ነው። በማግሥቱም በ1952 ለቤዝ የሚሆን የድምፅ ማጉያ አስከተለ። ዕቃውን ያለ ማጉያው መሸጥ እንደማይቻል የተረዳ ሰው መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

ለነጋዴ አንባቢ ከመሣሪያው ይልቅ ቀጥሎ ያለው ነገር የሚያስደንቅ ይሆናል። የፌንደርን ዕቃ ለባለሱቆች ያከፋፍል የነበረው በሳንታ አና ከተማ የነበረው የፍራንሲስ ኬሪ ሆል ኩባንያ ነበር። ይህ አከፋፋይ በ1953 ሪከንባከር የተባለውን የኤሌክትሪክ ጊታር ፋብሪካ ገዛ፤ የትናንት አከፋፋይ የዛሬ ተፎካካሪ ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር በሌላ ቦታ ቢሆን ብዙ ዘመን የሚቈይ ጠብ ያስነሣ ነበር። ሆል ግን የፌንደርን ሥራ እያወቀ የፌንደርን መሣሪያ አልገለበጠም። ሮጀር ሮስማይስል የተባለው ጀርመናዊ ባለሙያ ባወጣለት ንድፍ በ1957 የራሱን ቤዝ አቀረበ፤ መልኩም ሌላ፥ ድምፁም ሌላ ነበር። የፌንደሩ ፕሪሲዥን ድምፅ ወፍራምና የተጠጋጋ ሲሆን፥ ሪከንባከሩ የሚጮኽ፥ እንደ ደወል የጠራና ጥርስ ያለው ድምፅ አለው። ሁለቱን ለመለየት የሠለጠነ ጆሮ አያስፈልግም።

የቀሩትም እንዲሁ በየራሳቸው መንገድ ሄዱ። በካላማዙ ከተማ የነበረው የጊብሰን ፋብሪካ በ1953 ቫዮሊን የሚመስል ቤዝ አወጣ፤ የክሩ ርዝመት ከ77 ሳንቲሜትር ጥቂት ያልፍ ነበር፤ የፌንደሩ ግን 86 ሳንቲሜትር ያህል ነው። የጀርመኑ ሆፍነርም በ1950ዎቹ አጋማሽ በውስጡ ክፍት የሆነ፥ ቀላል፥ ቫዮሊን የሚመስል ቤዝ ሠራ። ፖል ማካርትኒ በ1961 በሐምቡርግ ሳለ ይህንኑ የገዛበት ምክንያት፥ እርሱ ራሱ እንደ ተናገረው፥ አንደኛ የፌንደሩን ዋጋ አለመቻሉ፥ ሁለተኛም ሁለት ወገኑ እኩል የሆነ መሣሪያ ለግራኝ ሰው ቢገለበጥም አለማስጠላቱ ነበር። ወጣት ሁሉ ያንን መሣሪያ የፈለገው ከዚህ በኋላ ነው። ሆፍነር ለግራኝ ገዢና ለትንሽ ከረጢት የሚስማማ ዕቃ ባያቀርብ ኖሮ ያን ገበያ ፌንደር ያገኘው ነበር ማለት አይቻልም፤ ገበያው ጨርሶ ላይኖር ይችል ነበር። ማካርትኒም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሪከንባከር ጨመረ እንጂ ሆፍነሩን አልጣለም። ቤዝ ገዢ አንድ ገዝቶ የሚያበቃ ሰው አይደለም፤ ተፎካካሪን የሚያጣጥል ባለሱቅ የሚስተው ይህን ነው። ዛሬ የነቀፈው ዕቃ ነገ እርሱ ራሱ ለዚያው ደንበኛ ሊሸጥለት የሚገባው ሁለተኛ ዕቃ ነው።

ከዚህ ላይ ስለ ቃና አንድ ነገር መጣራት አለበት። ደንበኛም ባለሱቅም ቃናው ያለው በመሣሪያው ራስ ላይ በተጻፈው ስም ውስጥ እንደሆነ አድርገው ይነጋገራሉ። ስሙ የሚነግረው ጥቂቱን ነው። ከክሩ በታች የተቀመጠው ማግኔት የት ቦታ እንደ ተተከለ ብዙ ያደርጋል፤ ወደ አንገቱ ሲጠጋ ድምፁ ይለሰልሳል፥ ወደ ክሩ መድረሻ ሲጠጋ ይጠነክራል። ፌንደር በ1960 ያወጣው «ጃዝ ቤዝ» ሁለት ማግኔት ስላለው ተጫዋቹ ሁለቱን እየቀላቀለ የሚወደውን ያወጣል። ከዚያም ክሩ አለ፤ በለስላሳ ጠፍጣፋ ብረት የተጠቀለለው ክር የደበዘዘና አጭር ድምፅ ሲሰጥ፥ በክብ ሽቦ የተጠቀለለው የሚያብረቀርቅና ረጅም ድምፅ ይሰጣል። ከሁሉ በላይ ግን ጣት አለ።

ለዚህ የዲትሮይቱ ጄምስ ጄመርሰን ምስክር ነው። ይህ ሰው በ1960ዎቹ ዓመታት ሞታውን የተባለው የሸክላ ኩባንያ ባወጣቸው እጅግ ብዙ ሸክላዎች ላይ የተጫወተው በአንድ የ1962 ፕሪሲዥን ነው። ክሩ ላ ቤላ የተባለው ወፍራም ጠፍጣፋ ክር ነበር፤ ካልተበጠሰበት በቀር አይለውጠውም ነበር። በክሩ መድረሻ ላይ ባለው ክዳን ሥር ድምፁን የሚያፍን ስፖንጅ ነበረበት፤ የሚመታውም በአንዲት አመልካች ጣት ነበር። በገና ደርዳሪ ከክሩ ሥር እንዝራ የምትባለውን ቁራጭ ቆዳ አግብቶ ድምፁን እንዲነዝር እንደሚያደርገው ሁሉ፥ የጄመርሰን ስፖንጅ ደግሞ ንዝረቱን ቶሎ ይቈርጠው ነበር። ያንኑ የፌንደር ቤዝ አዲስ ክብ ሽቦ ክር ተክሎ ያለ ስፖንጅ በላስቲክ መምቻ የሚመታ ሌላ ሰው ቢይዘው፥ ሰሚው የሌላ ፋብሪካ ዕቃ ነው ብሎ ይምል ነበር።

እንግዲህ አንድ ባለሱቅ ሁለት ቤዝ ሰቅሎ፥ ትርፍ የሚያገኝበትን በአዲስ ክርና በጥሩ ማጉያ፥ ሌላውን ዓመት ባለፈው ክርና በደካማ ማጉያ አሰምቶ «ይኸው ልዩነቱን ስማው» ቢል፥ ይህ በሐሰተኛ ሚዛን ከመመዘን በምን ይለያል? ቡና ላኪ እርጥበት ያለውን ቡና ከደረቁ ጋር አስተያይቶ ዋጋ ቢቈርጥ ይወገዛል። የድምፅ ዕቃ የሚሸጥም እንዲሁ ሁለቱን ዕቃ በአንድ ዓይነት ክርና በአንድ ማጉያ ማሰማት ይገባዋል። በሁለተኛው ቀን ደንበኛው ዕቃውን ወደ ቤቱ ወስዶ የሚሰማው እውነተኛውን ድምፅ ነውና፥ ሐሰቱ የሚቈየው አንድ ሌሊት ብቻ ነው።

የሊዮ ፌንደር የኋላ ታሪክ ደግሞ ፉክክር የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ያሳያል። ድርጅቱን በ1965 ሲ. ቢ. ኤስ. ለተባለው ታላቅ የራዲዮና የቴሌቪዥን ኩባንያ በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ፤ ለ10 ዓመትም ላይወዳደር ውል ገባ። ውሉ ሲያበቃ ከቀድሞ ባልደረቦቹ ጋር በሙዚክ ማን ድርጅት ሆኖ በ1976 «ስቲንግሬይ» የተባለውን ቤዝ አወጣ። በገዛ ስሙ ከሚጠራው ፋብሪካ ጋር መፎካከሩ ነው! በዚህ ጊዜ የቀድሞ ሥራውን ደግሞ ቢያወጣ ማን ይከለክለው ነበር? እርሱ ግን ትልቅ ማግኔትና በባትሪ የሚሠራ ድምፅ ማስተካከያ ያለው፥ ጥርት ብሎ የሚመታ ሌላ ድምፅ ፈለገ። ከዚያም ጂ. ኤንድ ኤል. የተባለውን ሦስተኛ ድርጅት አቋቁሞ በ1991 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ እዚያው በፉለርተን ሲሠራ ኖረ። ፕሪሲዥኑ በስቲንግሬይ ምክንያት ከገበያ አልወጣም፤ ዛሬም ሁለቱም ይሸጣሉ።

ነገሩ ሁሉ ወዳጅነት ብቻ ነበር ማለት ግን አንባቢን ማታለል ይሆናል። በ1970ዎቹ የጃፓን ፋብሪካዎች የአሜሪካኖቹን ጊታርና ቤዝ አስመስለው በርካሽ ይሸጡ ነበር። የጊብሰን ባለቤት የነበረው ኖርሊን በ1977 የአይባኔዝን ዕቃ በአሜሪካ ያከፋፍል የነበረውን ድርጅት ስለ መሣሪያው ራስ ቅርጽ በፍርድ ቤት ከሰሰ፤ በሚቀጥለው ዓመት በስምምነት ተፈጸመ። አይባኔዝ ያን ጊዜ ራሱን ችሎ ወደ መንደፍ አተኰረ፤ በ1987 ያወጣው ቀጭንና ቀላል «ሳውንድጊር» ቤዝ እስከ ዛሬ ገዢ አለው። ፌንደር በበኩሉ ሌላ ብልሃት አገኘ። በ1982 ከጃፓን ነጋዴዎች ጋር ተሻርኮ ፌንደር ጃፓን የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ ቀድሞ የገዛውን የስኳየር ክር ፋብሪካ ስም አንሥቶም ለርካሹ ዕቃ ሰጠው። አስመሳዩን ከማሳደድ ይልቅ ርካሹን ዕቃ ራሱ በሌላ ስም አወጣ ማለት ነው። ይህ ከብዙ ክስ የሚበልጥ ሥራ ነበር።

ፌንደር የዘገየበት ነገርም አለ። የጊታሮቹንና የፕሪሲዥን ቤዙን የአካል ቅርጽ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ያመለከተው ሌሎች ለብዙ ዓመታት ከሠሩበት በኋላ ነበር። ሌሎች ሠሪዎች ተቃውመው በመከራከራቸው የአሜሪካ የንግድ ምልክት ጉዳይ የሚዳኘው ቦርድ በ2009 ቅርጹ የሁሉ ሆኗል ሲል ጥያቄውን ውድቅ አደረገው። ውሳኔው ፍትሐዊ ነው፤ ሠላሳና አርባ ዓመት ዝም የተባለበት ነገር የባለቤቱ ነው ሊባል አይችልም። ስሙ ግን የፌንደር እንደሆነ ቀርቷል። ቅርጹን ወስዶ የራሱን ስም የጻፈበት ሠሪ ተፎካካሪ ነው፤ የሌላውን ስም የጻፈበት ግን አጭበርባሪ ነው። በኢትዮጵያም የንግድ ምልክትን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 501 በ1998 ዓመተ ምሕረት (በኢትዮጵያ አቈጣጠር) የወጣ ስለሆነ፥ የውጭ ፋብሪካ ወኪል የሆነ አስመጪ ከወኪልነት ውሉ ጋር ምልክቱ የተመዘገበ መሆን አለመሆኑን ቢጠይቅ ለራሱ ይበጀዋል።

ቤዝ ጊታር ለኢትዮጵያ ገበያ እንግዳ ዕቃ አይደለም። የሮሃ ባንዱ ጆቫኒ ሪኮ፥ የዋልያስ ባንዱ መላከ ገብሬና ሌሎችም በትዝታ፥ በባቲ፥ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ቅኝት የተጫወቱበት መሣሪያ ነው። ስለዚህ ባለሱቅ ገዢውን ገና ሲገባ «የማንን ፋብሪካ ትፈልጋለህ?» ከሚለው ይልቅ «ምን ትጫወትበታለህ?» ቢለው ይሻላል። ለችክችካ ምት ቶሎ የሚቈረጥ አጭር ድምፅ የሚሻ ደንበኛ አለ፤ ለዝግተኛ ትዝታ ረጅም ድምፅ የሚሻም አለ። አንዱን ፕሪሲዥን ከጠፍጣፋ ክር ጋር፥ ሌላውን ሁለት ማግኔት ያለውን ከክብ ሽቦ ክር ጋር አሰምቶ ማሰናበት ይቻላል፤ የማንም ስም ሳይነቀፍ።

በክር በኩል ደግሞ ተፎካካሪዎቹ ሳይማከሩ ለነጋዴው ውለታ ውለውለታል። ጊብሰን በ1963 «ተንደርበርድ» የተባለውን ቤዝ ሲያወጣ የፌንደርን የ86 ሳንቲሜትር ርዝመት ወሰደ፤ ሌሎችም ብዙዎች ይህንኑ ተከተሉ። ስለዚህ አንድ ዓይነት የክር ፓኬት ለብዙ ፋብሪካ ዕቃ ይሆናል። ሆፍነርንና እርሱን የመሰሉት አጫጭሮቹ ግን 76 ሳንቲሜትር ያህል በመሆናቸው ሌላ ክር ይፈልጋሉ። ለረጅሙ የተሠራው ክር በአጭሩ መሣሪያ ላይ ሲተከል ሊቀጥን የሚገባው ጫፉ ሳይቀጥን ወፍራሙ ክፍል በመወጠሪያው ላይ ስለሚጠቀለል ይበጠሳል፤ የአጭሩ ክር ደግሞ ለረጅሙ አይደርስም። አስመጪው በሚልከው የትእዛዝ ደብዳቤ ላይ ከክሩ ዓይነትና ውፍረት ጋር የመሣሪያውን ርዝመት መጻፍ አለበት፤ ሳይጻፍ የቀረ እንደሆነ ፋብሪካው የረጅሙን ይልካል፥ ዕቃው ከደረሰ በኋላም መመለሻ የለውም።