የጢያ ትክል ድንጋዮች የማን ናቸው?

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚያመራው መንገድ አጠገብ፣ በሶዶ ምድር፣ ጢያ ላይ የሚገኙት 36 ትክል ድንጋዮች ዛሬም «የግራኝ ድንጋይ» ሲባሉ ይሰማል። መምህር ሳይቀር ይህንኑ ለተማሪው ይደግማል። ግራኝ አሕመድ የዘመተው እ.ኤ.አ. ከ1529 እስከ 1543 ነው፤ ከድንጋዮቹ ሥር የተመረመሩት የወጣቶች መቃብሮች ግን እርሱ ከመወለዱ ከመቶ ዓመት በላይ የቀደሙ ናቸው። በ32ቱ ላይ ጎራዴና ልዩ ልዩ ምልክት ተቀርጿል። ታዲያ የጠረበውና ያቆመው ሕዝብ ድካም ለአንድ ጦረኛ የሚሰጠው በምን ፍርድ ነው? (በፋሲል ዘመን የታነጸውን የጎንደር ግንብ ለፖርቱጋሎች የሚያስረክበውም ይኸው ንቀት አይደለምን?) ዩኔስኮ ሥፍራውን በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የቡታጅራና የወልቂጤ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደዚያ ሲወስዱ ጎራዴዎቹን ያስቆጥሯቸው፤ የግራኝን ስም ግን ከድንጋዮቹ ላይ ያንሡ።