ባነሩ ከመታተሙ በፊት



ባለፈው ረመዷን ለመስጂዳችን ባነር አሳተምን። ዲዛይኑ ያምራል፤ የአያው ፊደላት ግን ተነጣጥለው ከግራ ወደ ቀኝ ተደርድረዋል። እኔም ሳላስተውል ሰቀልኩት። ያየችው አንዲት ትንሽ የሒፍዝ ተማሪ ናት። አፈርኩ።

ወንድም እህቶቼ፣ ማሽን ጠላታችን አይደለም። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመዲናው የንጉሥ ፈህድ ማተሚያ የሚባዛው ሙስሐፍም የማሽን ሥራ ነው። ፊደሎቹን ግን በእጃቸው የጻፉት ሶሪያዊው ዑሥማን ጧሃ ናቸው፤ ያረሙትም ዑለማዎች ናቸው። ማሽን ያባዛል እንጂ አያርምም፤ ስሕተትንም እኩል ያባዛል።

መድረሳ ሳለን ሉሓችንን ኡስታዝ ሳያዩት አናጥበውም ነበር። በስልክና በኮምፒውተር ዲዛይን የምትሠሩ ወጣቶች፣ ሙያችሁን ቀጥሉበት። ከማሳተማችሁ በፊት ግን አያውን ቁርኣን ለቀራ ሰው አሳዩ። የአላህ ቃል አደራ ነው።