ምሰሶው ላይ አትውጣ፣ ከታች ለካ!

ዛሬ ፖለቲካ የለም፤ ወሬው ስለ መብራት ነው (እሱም ፖለቲካ ነው ካላችሁ ግን አልከራከርም)።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፉሪ ሰፈራችን ውስጥ አንድ አርዱዊኖ የሚነካካ ጎረምሳ አለ። ወፍጮ ቤት ያላቸው ጋሼ ሞተራቸው እየጋለ ሲያስቸግራቸው፣ ልጁ «ትራንስፎርመሩ ላይ በሚገባው ሽቦ ስንት አምፒር እንደሚያልፍ ልለካልዎት» አላቸው። ጋሼ «እናትህን ልታስለቅስ ነው!» ብለው አባረሩት።

መቆጣታቸው ልክ ነው። ግን ቁጣ ብቻውን አያስተምርም፤ ልጁ ነገ ሌላ ምሰሶ ያገኛል።

እንግዲህ አስቡት። ትራንስፎርመሩ ላይ የሚገባው 15 ሺህ ቮልት ነው። በ2009 ዓ.ም. መስከረም የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር በፉሪ ለቡ ጣቢያ ሲያልፍ ከላዩ ያለው ሽቦ ደግሞ 25 ሺህ ነው። አርዱዊኖው የሚችለው 5 ቮልት! ሽቦ ላይ የሚታቀፈው ትንሹ የከረንት ሴንሰር መሸፈኛው የተሠራው ለቤትና ለወርክሾፕ መብራት ነው። እዚያ ላይ ብትሰቅለው ፕላስቲኩ ይበሳል፤ እሳቱም በሲግናል ሽቦው ወርዶ ላፕቶፑንና የያዘውን እጅ ያገኛል። ኧረ ሳትነካው፣ ስትቀርበው ብቻ በአየር ዘሎ ይመታሃል። «2 አምፒር ብቻ ነው» የሚባል ማጽናኛ የለም።

የሚገርመው መውጣትም አያስፈልግም። ትራንስፎርመሩ 15 ሺህን ወደ 400 ቮልት ካወረደ፣ 37 ተኩል ጊዜ ቀንሶታል ማለት ነው። ስለዚህ ከታች በኩል 75 አምፒር ከለካህ፣ ከላይ ወደ 2 አምፒር ገደማ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል!

የታችኛው 400 ቮልትም ይገድላል፤ ቀልድ የለውም። ኤሌክትሪሺያኑ ብሬከሩን ያጥፋ፣ መጥፋቱን በቴስተር ያረጋግጥ፣ ከዚያ ሴንሰሩ በአንዱ ፌዝ ገመድ ላይ፣ ከነሽፋኑ፣ ይታቀፍ። 100 አምፒሩን ወደ 50 ሚሊአምፒር የሚያወርደው ዓይነት ከሆነ 33 ኦም ሬዚስተር ጫፎቹ ላይ ይታሰርና አርዱዊኖው ያነበዋል። ሬዚስተሩ ግን ከረንት እያለፈ እንዳይነቀል! በተለይ ትልልቆቹ ከረንት ትራንስፎርመሮች ጫፋቸው ክፍት ሲቀር አደገኛ ቮልቴጅ ያወጣሉ። መብራት ኃይል የራሱን የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ሲለካም ልዩ ከረንት ትራንስፎርመር አስቀምጦ፣ ወደ 5 ወይም 1 አምፒር አውርዶ ነው እንጂ ሽቦው ላይ ተንጠልጥሎ አይደለም።

እኔ የምለው፣ ይህን የሙያ ትምህርት ቤቶቻችን ጠረጴዛ ላይ አድርገው ለምን አያሳዩም? «አትንካ» የሚል ቢጫ ሰሌዳ በየምሰሶው አለ። «እዚህ ጋ ለካ» የሚል ግን አላየሁም።

ለማንኛውም ጋሼ ልጁን መልሰው አስጠሩት፤ ኤሌክትሪሺያን ይዞ እንዲመጣ አዘው። ሦስቱም ፌዝ ተለካ፣ አንደኛው ከሁለቱ በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ። የላላ ማሰሪያ ነበር። ጋሼ አሁን ልጁን «ኢንጂነር» ነው የሚሉት፤ ሒሳቡን ግን ገና አልከፈሉትም።