«ከረሜላ ገዝቼ እመጣለሁ»

ልጄን ኬጂ ያስገባሁት የዛሬ ሁለት ዓመት መስከረም ላይ ነው። በር ላይ ቀሚሴን ጨምድዶ አልለቅ ሲለኝ አንዲት እናት ጠጋ ብላ «ከረሜላ ገዝቼ ልምጣ በይውና ውጪ» አለችኝ። አልኩት። ለቀቀኝ። በጓሮ በር ሹልክ ብዬ ታክሲ ስይዝ ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ።

ከሰዓት ልወስደው ስመጣ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ከረሜላውስ?» ብሎ ነው። አልያዝኩም።

ከዚያ ወዲህ መታጠቢያ ቤት ስገባ እንኳ በሩ ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ጀመር። ሌሊት እየባነነ ፊቴን ይዳስሳል። ሰኞ ሰኞ ሆዱን ያመዋል። ሦስት ጊዜ ሰገራ አስመረመርኩት፤ ጃርዲያ የለ፣ አሜባ የለ። ቅዳሜና እሑድ የማይነሣ የሆድ ሕመም መሆኑን ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው። ዘመድ አዝማዱ ግን ገና ድሮ ምርመራውን ጨርሷል፤ «አሞላቀቅሽው!»

ሕፃን ከስምንት ወሩ ገደማ ጀምሮ እናቱ ስትርቅ ቢያለቅስ የጤና ነው፤ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ብዙውን ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ከዕድሜው የማይጠበቅ ፍርሃት አራት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲዘልቅ፣ ትምህርቱንና እንቅልፉን ሲነሣው፣ ሐኪሞች የመለየት ጭንቀት ሕመም ይሉታል። ልጁን የሚያስጨንቀው ናፍቆት ብቻ አይደለም። እናቴ ዘወር ካለች መኪና ይገጫታል፣ አትመለስም ብሎ ነው። ሆዱንም የምር ያመዋል።

«የፈረንጅ በሽታ» የሚሉኝ አሉ። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሜሪ ኤንስዎርዝ የሕፃናትንና የእናቶችን ትስስር ማጥናት የጀመረችው ግን እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ኡጋንዳ ውስጥ፣ ካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች ቤት ለቤት እየዞረች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ።

እኛ ደግሞ ልጅ ሲያስቸግረን «ጥዬህ ነው የምሄደው» እንላለን። «ለዘበኛው ነው የምሰጥህ» እንላለን። ቤሩት ወይም ሪያድ የምትሄድ እናት ልጇ እንዳያለቅስባት ተኝቶ ሳለ ሻንጣዋን አንሥታ ትወጣለች። አልፈርድባትም፤ እያለቀሰ እያየችው በየት አንጀቷ? እሱ ግን ሲነቃ እንቅልፍ እናት እንደሚወስድ ይማራል።

በኋላ ያየችን ባለሙያ ያዘዘችው መድኃኒት አልነበረም። ሳትሰናበቺው አትውጪ፣ ስንብቱን አታርዝሚው፣ ቤት ማስቀረት ፍርሃቱን ማደለብ ነው አለችኝ። መጀመሪያ ጎረቤት አምስት ደቂቃ፣ ቀጥሎ ሱቅ ደርሶ መመለስ፤ እንዲህ እንዲህ እያልን ከረምን። ሰዓት ስለማያውቅ የምመለስበትን በመክሰሱ እነግረዋለሁ።

ከቀረበት ትምህርት ቤት የተመለሰ ዕለት «አሁን እሄዳለሁ፤ መክሰስህን በልተህ ስትጨርስ እመጣለሁ» አልኩት። አለቀሰ። አጥሩን ታክኬ ቆሜ እኔም አለቀስኩ። ከመክሰሱ በፊት ደርሼ በር ላይ ስጠብቅ እየሮጠ መጣና እጁን ኪሴ ውስጥ ከትቶ ፈተሸ። ዛሬም ከረሜላ አልያዝኩም፤ ግን ዛሬ አልዋሸሁትማ።